በአፈር ውስጥ የተሠራውን ካርቦኔት ከወላጅ አለቱ (አፈሩ ከተገኘበት ድንጋይ) ካርቦኔት እንዴት ልለይ?

ለመመረቂያ ጽሑፌ በቆፈርኩት ጉድጓድ፣ ከ60 ሴንቲሜትር በታች ነጫጭ የካርቦኔት እንክብሎች አገኘሁ፤ አንዱን ስሰብረው በመሃሉ ቀጭን የሥር ቀዳዳ ስላለው፣ ውሃ ከላይ አጥቦ ካወረደው ካልሲየም እዚያው አፈር ውስጥ የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ግን ወላጅ አለቱም የኖራ ድንጋይ በመሆኑ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሳንጠባጥብባቸው ሁለቱም እኩል ይፈላሉ። የባሕር ኖራ ድንጋይ የካርቦን አይሶቶፕ ልኬት (የከባዱ ካርቦን-13 ከቀላሉ ካርቦን-12 ጋር ያለው ምጥጥን ከመደበኛ ናሙና ጋር ሲነጻጸር) ብዙውን ጊዜ ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ፣ ሥርና ረቂቅ ተሕዋስያን ከሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ እንደሚያንስ አውቃለሁ፤ ሆኖም በእንክብሉ ውስጥ የአለት ስብርባሪ ካለ ውጤቱ ይዛባል። አስቀድሜ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ አዘጋጅቼ በማይክሮስኮፕ ልመርምር ወይስ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሽፋን ብቻ ፍቄ ልውሰድ? ያሉኝ እንክብሎች ጥቂት ናቸውና ልምድ ያላችሁ ከመፍጨቴ በፊት እባካችሁ ምከሩኝ።