ማይክ የማይሰማው ኮምፒውተር፦ ለጉባኤው የምናቀርበውን አብረን እናርቅቅ

ጸሐፊው
ሰላም ናችሁ? ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የኮምፒውተር ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። ለአዲሶች ባጭሩ፦ አብዛኞቻችን ቤት ቁጭ ብለን መጽሐፍ በድምፅ እናነባለን፤ ጥቂቶቻችን ቪዲዮ እናቀናብራለን። ባለፈው ዙር ከተመለሱብን ቅጂዎች ብዙዎቹ የተመለሱት ንባቡ ተበላሽቶ አይደለም። ከድምፁ ጀርባ "ሽሽሽ" የሚል ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንገዛበት አንድ ዝርዝር ይኑረን። ፈጣን ይሁን፣ ጸጥ ይበል።

መነሻ እንዲሆናችሁ የኔ ይኸው፦ ራይዘን 9 7950ኤክስ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)፣ በውኃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ድፍን ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን)። በሉ ዘንጥሉት።

ጋሽ ሽቦ
ዘንጥሉት ካልክ ሦስቱንም ነው የምዘነጥላቸው ልጄ። አትቀየመኝ።

ከሙቀቱ ልጀምር። የሚጮኸው በአብዛኛው ፋኑ፣ ማለትም ማራገቢያው፣ ነው። ፋኑ የሚጮኸው ደግሞ የሚያስወጣው ሙቀት ስላለ ነው። 7950ኤክስ ሥራ ሲበዛበት እስከ 230 ዋት ይጠጣል። እዚያው ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ የሚሰካው ራይዘን 7 7700 ግን ጣሪያው 88 ዋት ነው። 8 ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ ክፍሎች) አለው፤ ድምፅ ለማረም ይተርፋል። አንተ መጀመሪያ ምድጃ ትገዛለህ፣ ከዚያ ማራገቢያ ትፈልግለታለህ።

ቀጥሎ የፋን ነገር። የአንድን ፋን ዙር በግማሽ ብትቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ለጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ ግማሽ የሆነ ያህል ነው። ነፋሱስ? እሱ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ 1,500 ዙር የሚሽከረከረውን ፋን 750 ላይ ብታስቀምጠው ታተርፋለህ። ባለ 120 ወይም ባለ 140 ሚሊሜትር ፋን፣ ሙቀት የሚበትን ትልቅ የብረት ሂትሲንክ፣ ዝግ ያለ ዙር። በቃ።

የማታ አንባቢዋ
ጋሽ ሽቦ፣ እርስዎ ያሉት እኔ ላይ የደረሰ ነው።

የማነበው ልጆቼ ከተኙ በኋላ ነው። ቤቱ ጭር ሲል የኮምፒውተሩ ድምፅ ይጎላል። መጀመሪያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። ብርድ ልብስ አለበስኩት። ለአምስት ደቂቃ እፎይ አልኩ። ከዚያ አየር አጥቶ ጋለና ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮኽ ጀመር።

ብርድ ልብሱን አንስቼ እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ ግን መዳፌን ነዘረኝ። ጠረጴዛው ራሱ ይርገበገባል። ለካ ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ማለት ነው። ያ ንዝረት ከኬዙ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው በማይኩ መቆሚያ ሽቅብ ይወጣል። ቅጂውን በፕሮግራሙ ከፍቼ ሳየው 120 ኸርዝ ላይ አንድ መስመር እንደ ችካል ቆሟል። ኮምፒውተሩን ወለል ላይ አውርጄ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ሳነጥፍለት ችካሉ አጠረ። ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ (ምንም የማይሽከረከርበት ማስቀመጫ) ሳስገባ ጠፋ።

ስለዚህ የኔ አንቀጽ ይህች ናት፦ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ አይግባ። ብዙ ማስቀመጫ የሚፈልግ በውጭ ይሰካ፤ ሲቀዳ ይንቀለው።

ገንዘብ ያዥ
ጥሩ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ልሥራ። አሁን ላሉን ኮምፒውተሮች ኤስኤስዲና አዲስ ፋን ብቻ ብንገዛላቸውስ? ሌላው፣ ኤስኤስዲ ስትሉ የቱን ነው? በጠየቅሁ ቁጥር ሌላ ቁጥር ነው የሚነገረኝ።

ጋሽ ሽቦ
ለአንዳንዱ ይበቃል የኔ እህት፤ ያንን በጽሑፍ እናስገባው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ከሆነ ይታደስ። የማይቀበል ከሆነ ግን ገንዘብ አናፍስበት፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ኤስኤስዲውን በሚመስለኝ ቅደም ተከተል ልንገርሽ። በሳታ ገመድ የሚሰካው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚጋደመው ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ ሦስተኛው ትውልድ 3,500 አካባቢ፣ አራተኛው 7,000 አካባቢ ይደርሳል። አምስተኛው ከዚያም ያልፋል፤ ግን ይግላል፤ አንዳንዱማ የራሱ ትንሽ ፋን ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ትንሽ ፋን ደግሞ እንደ ትንኝ ነው። እኛ አራተኛውን እንውሰድ። ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ መሻገር ነው ትልቁ ለውጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልዩነት በዕለት ሥራ ላይ አታዪውም።

አዲሷ አባል
ሰላም፣ ጥያቄዬ የዋህ ከሆነ ይቅርታ። ጨርሶ ፋን የሌለው ኮምፒውተር አለ አይደል? ወይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሌላ ክፍል አድርጎ ገመድ ብቻ ማስገባትስ?

ጋሽ ሽቦ
የዋህ አይደለም ልጄ። ፋን የሌለው አለ። ግን ሥራው ሲረዝም ይግልና ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያኔ ጸጥታው አለ፣ ፈጣን የሚለው ግን ቀረ። በዚያ ላይ ፋን ሲጠፋ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ከፓወር ሳፕላዩ (ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ክፍል) ወይም ከግራፊክስ ካርዱ ጥቅልሎች የሚወጣ ቀጭን "ጢጢጢ"። ቀስ ያለ ፋን ይሸፍነው ነበር።

ሌላ ክፍል ያልሽው ግን እውነተኛ መፍትሔ ነው፤ ቤቱ የሚመች ከሆነ። የተራው ዩኤስቢ 2.0 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር መሆኑን ብቻ አትርሺ። በአንድ ክፍል ውስጥም ቢሆን ርቀት ይጠቅማል። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ስለሚመልሰው ትንሽ ያንሳል። ኮምፒውተሩን ከማይኩ አጠገብ አስቀምጦ ስለ ፋን ማማረር አይሆንም።

ጸሐፊው
ጋሽዬ፣ ፕሮሰሰሩን ለቅቄያለሁ። ውኃውና ኬዙስ ምን በደሉ?

ጋሽ ሽቦ
ውኃው ውስጥ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ሥራ ኖረም አልኖረም ይዞራል። አየር ከገባበት ይንቦጫረቃል። ፓምፑ የሞተ ቀን ኮምፒውተሩም አብሮ ይቆማል። በሂትሲንክ ላይ ያለ ፋን ቢሞት ግን ፋኗን ብቻ ትቀይራለህ። ለ88 ዋት ውኃ አያስፈልግም።

ስፖንጁ ቀጭን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን "ምምም" ግን አያስቀረውም። ፊቱ የተደፈነ ኬዝ ደግሞ አየር ይከለክላል። ከብርድ ልብሱ ታሪክ ብዙም አይርቅም። እኔ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ፋን ያለው ነው የምለው።

የማታ አንባቢዋ
እዚህ ላይ አልስማማም ጋሽ ሽቦ። እኔ አሁን ያለኝ ድፍን ነው፤ ግን በጎንና ከታች ሰፊ መተንፈሻ አለው። ለኔ ሠርቷል። ኬዙን ከወንፊትና ከድፍን አንጻር አንመርጠው፤ አየር ማግኘቱን ብቻ እናስቀምጥ።

ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የሚያናድደው ድምፁ መኖሩ ብቻ አይደለም። መለዋወጡ ነው። እኩል የሆነ ቀስ ያለ ነፋስ ጆሮ ይረሳዋል፤ ሲታረምም በቀላሉ ይጸዳል። አስቡት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ሆኜ ፕሮግራሙ ፋይሉን በራሱ ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ሰከንድ ይሞቃል። ፋኑ "ቩው" ብሎ ይነሳና መልሶ ይተኛል። ያ "ቩው" አንድ ቃል ላይ ተቀምጧል፤ ቃሉን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። እንደገና አነባለሁ።

መድኃኒቱ ነጻ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ የፋኑ ዙር ከሙቀቱ ጋር የሚወጣበትን መስመር እስከ 65 ዲግሪ ድረስ ዝርግ አድርጉት። ከዚያ በላይ ብቻ ይውጣ። ፋኑ ሙቀቱን እንዳየ እንዳይዘል የሚያዘገይ ቅንብርም አለ፤ ጥቂት ሰከንድ ስጡት። አጭሯ ሙቀት ፋኑ ሳይሰማ ታልፋለች። ይህ የሚሠራው የፋኑ መሰኪያ ባለ አራት ፒን ሲሆን የበለጠ ነው፤ ዙሩ በደንብ ይታዘዛል።

ጋሽ ሽቦ
ይህን ያለችውን በደማቅ ጻፉት። የኬዙንም ነገር ተቀብያለሁ።

ቪዲዮ አቀናባሪው
ዘግይቼ ገባሁ፣ ሥራ ይዞኝ ነው። እኛን አትርሱን። አንባቢዎቹ ግራፊክስ ካርድ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ 7700 ራሱ ስክሪን የሚያወጣ ግራፊክስ በውስጡ አለው። እኛ ግን ያለ ካርድ አንንቀሳቀስም።

ብዙ አዳዲስ ካርዶች ሥራ ሲቀላቸው ፋናቸውን ጨርሰው ያቆማሉ። ስትገዙ ይህን ጠይቁ። እኔ ደግሞ የካርዴን የኃይል ጣሪያ 75 በመቶ ላይ ገድቤዋለሁ። ሥራው የሚዘገየው በጥቂቱ ነው፤ ጩኸቱ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ይግባልኝ። በኤኤም5 ማዘርቦርድ (7700 በሚሰካበት ዓይነት) ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሊሆን ይችላል። ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) እየፈተነ ነው። ይህን የነገረኝ አልነበረም። አቃጠልኩት ብዬ ሁሉንም ፈታሁ። ገጠምኩ። ደግሞ ጥቁር። ደግሞ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ ሻይ ላፈላ ሄድኩ፤ ስመለስ በርቷል።

ገንዘብ ያዥ
ሆዴን አሳመማችሁኝ በሳቅ። ራሙስ? አራት ባለ 8 ጊጋባይት ቢሆን፣ ሁለት ባለ 16 ቢሆን ያው 32 አይደለም?

ቪዲዮ አቀናባሪው
ያው አይደለም። በ7000ው የራይዘን ትውልድ ላይ አምራቹ የሚያረጋግጠው የራም ፍጥነት ሁለት ሲሰካ 5200 ነው፤ አራት ሲሰካ 3600 ይወርዳል። ሁለት ባለ 16፣ ዓይነቱ ዲዲአር5። ሁለቱ ቀዳዳ ክፍት ይቅር።

ጸሐፊው
እንግዲህ ያነሳችሁትን ሰብስቤ ረቂቁን ጻፍኩ። አንብቡልኝ።

"አባላት በሁለት መልክ እንዲገዙ እንጠይቃለን። የአንባቢዎች፦ ራይዘን 7 7700፣ በአየር የሚሠራ ትልቅ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ራም፣ አራተኛ ትውልድ ባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ፣ ባለ 550 ዋት 80 ፕላስ ጎልድ (ኃይል ቆጣቢነቱ የተመሰከረለት) ፓወር ሳፕላይ። የቪዲዮ አቀናባሪዎች፦ ያው ሆኖ፣ ሥራ ሲቀለው ፋኑን የሚያቆም ግራፊክስ ካርድና እንደ ካርዱ ከፍ ያለ ፓወር ሳፕላይ ይጨመርበታል። ኬዙ አየር በበቂ የሚያስገባ ሆኖ አባሉ እንደ ምርጫው ይገዛል። የሚሽከረከር ዲስክ በውስጡ አይገጠምም። የፋን ቅንብሩን ማኅበሩ በአንድ ገጽ ጽፎ ይሰጣል። ዊንዶውስ 11 የሚቀበል ኮምፒውተር ያላቸው በማደስ ብቻ መጠቀም ይችላሉ።"

የማታ አንባቢዋ
መለኪያ የለውም። "ጸጥ ያለ" ማለት ለጋሽ ሽቦ ሌላ፣ ለኔ ሌላ ነው። ኤሲኤክስ የሚባለው የድምፅ መጽሐፍ መድረክ አንባቢው ዝም ሲል የሚቀረው ድምፅ ከ-60 ዴሲቤል (ቅጂው ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ በ60 ዴሲቤል ያነሰ) እንዳይበልጥ ይጠይቃል። እኛም እሱን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ እየሠራ፣ ማይኩ ሁልጊዜ ባለበት ቦታ ሆኖ፣ ሠላሳ ሰከንድ ዝምታ ይቀዳ። ካለፈ አለፈ።

ጋሽ ሽቦ
አንዲት ነገር ከኔም። የማቀዝቀዣው ቁመት ከኬዙ ጋር ይለካ ብለህ ጨምር። ከኖክቱዋ ማቀዝቀዣዎች ኤንኤች-ዩ12ኤ 158 ሚሊሜትር ነው፤ ኤንኤች-ዲ15 165። በሰባት ሚሊሜትር ምክንያት የኬዝ ክዳን አልዘጋ ብሎ ያየሁት ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ ውይይት ላይ ግን ጽፏል።

ቪዲዮ አቀናባሪው
ጋሽዬ!

ጸሐፊው
ሁለቱም ገብተዋል። የመጀመሪያውን ለሙከራ አንድ እንግጠም፤ የሠላሳ ሰከንዱ ቅጂ ከሐሳቡ ጋር ለጉባኤው ይቅረብ።

አዲሷ አባል
ኮምፒውተር ገጥሜ አላውቅም፤ ለመሞከር ግን እኔ ቤት ይሁን። ማይኩም አለ።

ገንዘብ ያዥ
ጸድቋል። ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው) ግን ዝርዝሩ ላይ አላየሁም።

ጋሽ ሽቦ
ከማቀዝቀዣው ጋር በትንሽ ቱቦ አብሮ ይመጣል። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ላጡ እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ጠመዝማዛ መፍቻውን እኔ ይዣለሁ።