ጁሪ ሆነን ስንመክር የምስክሩን ቃል እንደገና መስማት ይቻላል?

የሲልቨርስፕሪንጓ፦
ሰላም ወገኖች፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የጁሪ ዱቲ ወረቀት (እዚህ አሜሪካ ተራ ዜጋ ችሎት ተቀምጦ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብሎ እንዲወስን የሚጠራበት) መጣልኝና ክሪሚናል (የወንጀል) ኬዝ ላይ ብመደብስ እያልኩ ነው። ችሎቱ ሁለት ሶስት ሳምንት ቢፈጅ መጀመሪያ ቀን የመሰከረው ሰውዬ ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል? ሁሉ ነገር ይቀረጽ የለ እንዴ፣ ታዲያ ክፍል ገብተን ስንከራከር ቪዲዮውን ክፈቱልን ማለት አንችልም? ሀገር ቤት ዳኛው ራሱ ስለሚፈርድ መዝገቡን ያገላብጣል

አቤ_ዲሲ፦
መጠየቅ ትችላላችሁ፣ መልሱ ግን የዳኛው ነው፣ እንደየስቴቱም ይለያያል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ላለው ኦፊሰር ትሰጣላችሁ፣ ዳኛው አቃቤ ህጉንና የተከሳሹን ጠበቃ ያነጋግርና ብዙ ጊዜ ችሎት ትጠሩና ኮርት ሪፖርተሯ (ችሎት ላይ የተባለውን ሁሉ የምትመዘግበው) የጻፈችው ይነበብላችኋል። በ2024 የትራምፕ ኒውዮርክ ኬዝ ላይ ጁሪዎቹ የጋዜጣ አሳታሚ የነበረውን የፔከርንና የትራምፕ ጠበቃ የነበረውን የኮኸንን ምስክርነት ከፊሉን ጠይቀው በማግስቱ ተነበበላቸው፣ በዛው ቀን 34ቱም ክስ ላይ ጥፋተኛ አሉት

ዳላስ_ነኝ፦
እኛ ጋ ቴክሳስ ደግሞ ይብሳል፣ ረሳነው ብቻ አይሰራም። ምስክሩ ባለው ነገር ላይ እርስ በርስ አልተስማማንም ማለት አለባችሁ፣ የሚነበበውም ያልተስማማችሁበት ቦታ ብቻ ነው

ማሂ፦
ኧረ እኔ ጁሪ ስሆን የፖሊሱን ቦዲ ካሜራ ላፕቶፕ ላይ ደጋግመን ነው ያየነው፣ ማንም አልከለከለንም

አቤ_ዲሲ፦
ማሂ እሱ ኤግዚቢት ነው፣ ማስረጃ ሆኖ የገባ ቪዲዮ ክፍላችሁ ድረስ ይመጣል። የምስክር ቃል ግን ሌላ ነው፣ በቪዲዮ የተቀረጸም ቢሆን (ልጆች አንዳንዴ እንደዛ ይመሰክራሉ) ብዙ ፍርድ ቤቶች ብቻችሁን ደጋግማችሁ እንድታዩት አይፈልጉም፣ አንዱን አስር ጊዜ ሰምታችሁ መስቀለኛ ጥያቄውንና የሌላውን ወገን ምስክር አንዴ ብቻ ከሰማችሁ ሚዛኑ ያጋድላል

ማሂ፦
ገባኝ ግን አስራ ሁለት ሰው በየትዝታው ሲጨቃጨቅ ከሚውል መስቀለኛውንም ጨምሮ ሙሉውን ቢያሳዩን ምን ነበረበት፣ የሰው እድሜ እኮ ነው የሚወሰነው

የሲልቨርስፕሪንጓ፦
እኔም እንደ ማሂ ነኝ። ማስታወሻ መያዝስ ይቻላል?

አቤ_ዲሲ፦
ዳኛው ከፈቀደ አዎ፣ ቤት ግን ይዘሽው አትሄጂም። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ምስክሩ ሀበሻ ሆኖ በአማርኛ ቢናገር መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አስተርጓሚው ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ ሲነበብላችሁም እሱ ነው የሚነበበው። ትርጉሙ ልክ አልመሰለኝም ካልሽ ለዳኛው ጽፈሽ ታሳውቂያለሽ እንጂ ክፍል ውስጥ ለሌሎቹ ቁጭ ብለሽ ማስተርጎም የለም

የሲልቨርስፕሪንጓ፦
ይሄንን እንኳን ነገርከኝ፣ እኔ አፌ አያርፍም ነበር 😅