አይጤ ልጆቿን እየበላች ነው፣ ድረሱልኝ!

የጨነቃት፦ ሰላም ለሁላችሁ። አይጠ መጎጤ ትናንት ማታ ወለደች። 11 ነበሩ፣ አሁን ስቆጥር 8 ናቸው። ሁለቱ የሉም፣ የአንዱን ግማሽ ሰጋቱራው ውስጥ አገኘሁት። የመጀመሪያ ወሊዷ ነው። ጎጆዋን እያፈረሰች ትሯሯጣለች፣ እላያቸው ላይ አትተኛም። ለእባቤ ቀለብ ብዬ ነው ማርባት የጀመርኩት፣ ግን እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም። ምን ላድርግ? ላውጣቸው?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት ማወቅ ነበረብሽ። አይጠ መጎጥ እርግዝናዋ ከ21 እስከ 23 ቀን ነው። በ5 ሳምንቷ ማርገዝ ትችላለች፣ መቻሏ ግን ደርሳለች ማለት አይደለም፤ 3 ወይም 4 ወር እስኪሞላት ይጠበቃል። ልጆቿ ዓይናቸውን የሚገልጡት በ2 ሳምንት ገደማ ነው። ጡት የሚጥሉት ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ወንድና ሴቱ የሚለያዩት 5 ሳምንት ሳይሞላቸው። ሰጋቱራውስ የምን እንጨት ነው? የጥድ ከሆነ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል። ከዚያ ደግሞ ሽንቱ ሲጠራቀም አሞኒያ...

ሳቂታ፦ ጋሼ፣ እርስዎ አሞኒያ ላይ ሲደርሱ 7 ይሆናሉ።

አጭር መልስ፦ ወንዱን አውጪው።

ታዛቢ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ለእባብ ልትሰጪያቸው አይደል? ነገ እባቡ ሊበላቸው፣ ዛሬ እናታቸው ብትበላቸው ምን ያስለቅሳል?

የጨነቃት፦ ልዩነትማ አለው! እኔ የማስበው ለእናቲቱ ነው፣ የሆነ ነገር ሆናለች። በዚያ ላይ ከእነዚህ ውስጥ ለማርባት የማስቀረው ነበረኝ። ወንዱ አብሯት ነው፣ ግን ጥግ ላይ ተኝቷል፣ ምንም አላደረገም።

አጭር መልስ፦ እኮ፣ ወንዱን አውጪው።

ታዛቢ፦ አንዴ ልጇን የቀመሰች አትተውም። አስወግጃትና በሌላ ጀምሪ።

የሌሊት ጠባቂ፦ ታዛቢ፣ ይሄ ፍርድ በዛ። መጀመሪያ የወለደች ትደነግጣለች። ሞቶ የተወለደውንም እናት ትበላዋለች፣ ጎጆዋን የምታጸዳው እንደዚያ ነው። ሁለተኛ ወሊዷ ላይ ደህና የሆነች ብዙ አይቻለሁ።

የጨነቃት፣ ሌላውን ሁሉ ተዪና አሁን ተነስተሽ የውሃ ጠርሙሷን ጫፍ በጣትሽ ንኪ። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ኳስ ስትገፊያት ይንጠባጠባል? ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ኳሷ ከተጣበቀች ጠብታ አይወርድም። የወለደች አይጥ ውሃ ካጣች ወተቷ ይነጥፋል፣ ልጆቿንም ትበላለች። እኔም የደረሰብኝ ይሄው ነው።

ከዚያ የልጆቹን ሆድ እዪ። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የጠቡት ወተት ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታያል። ነጭ ካለ አትንኪያቸው፣ ተያቸው።

ሳቂታ፦ ታዲያ ሆዳቸውን ለማየት ስትነካቸው የሰው ሽታ ይዘው እናትየው አትጥላቸውም?

የሌሊት ጠባቂ፦ እጅ የለመደች አይጥ ለዚህ ግድ የላትም። ከፈራሽ መዳፍሽን በራሷ ሰጋቱራ እሺው። ስታዪ ግን እሷን ወደ ሌላ ሳጥን ዞር አድርጊያት፣ ነክሳ እንዳታስለቅቅሽ።

የጨነቃት፦ ኳሷ ደርቃ ተጣብቃለች!!! ጠርሙሱ ሙሉ ስለነበር ልብ አላልኩም። በጎድጓዳ ነገር ሰጠኋት፣ ጭንቅላቷን ሳታነሳ ትጠጣለች።

ሳቂታ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ነበር የምናውቀው። እዚህ ደግሞ ጠርሙስ ባጠፋ አይጥ ተከሰሰች።

የሌሊት ጠባቂ፦ ጎድጓዳውን ውሰጂው፣ ልጆቹ ከገቡበት ይሰምጣሉ። ዝቅ ያለ ክዳን ይሁን፣ ከጎጆው ራቅ አድርጊው። የተቀቀለ እንቁላል ስጫት። የተቀደደ ሶፍት ጨምሪላት፣ ጎጆዋን ራሷ ትሥራ። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍነሽ ለጥቂት ሰዓት ራቂ። በየ5 ደቂቃው እየከፈትሽ ካየሻት እንደገና ትደነግጣለች።

መምህሩ፦ ጎጆው ግን ወዲያው ሙሉ በሙሉ መጽዳት አለበት! ስለ አሞኒያው የጀመርኩት...

የሌሊት ጠባቂ፦ ጋሼ፣ የዛሬዋን እርጥብ ጥግ ብቻ ታንሳ። ጎጆዋን ከነሽታዋ ካጣች ጨርሳ ትበላቸዋለች።

የጨነቃት፦ አየኋቸው። 5ቱ ላይ ነጭ የለም፣ 3ቱ ላይ ትንሽ አለ። 5ቱን እኔ በእጄ ወተት ላጠጣቸው?

የሌሊት ጠባቂ፦ ሌላ የምታጠባ አይጥ ካለሽ ወደ እሷ ቀላቅያቸው፣ ያ ነው የሚያዋጣው። በእጅ ማለት ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ በጠብታ ነው፣ ሆዳቸውን በእርጥብ ጥጥ ካላሻሸሽም አይሸኑም፣ እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ አይተርፉም። ሌላ ከሌለሽ ከእሷ ጋር ተያቸው። ውሃ ስለጠጣች ወተቷ ሊመለስ ይችላል። እስከ ማታ ጠብቂ።

አጭር መልስ ያለውንም ስሚ። ወንዱ ልጆቹን ባይነካም እናትየው በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ምናልባት አሁንም አርፍደሻል።

ሳቂታ፦ ማታስ ምን ሆኑ?

ታዛቢ፦ እኔስ እባቡ ምን እንደበላ ነው ማወቅ የምፈልገው።

የሌሊት ጠባቂ፦ የጨነቃት? ስንቱ ላይ ነጭ ታየ?

አጭር መልስ (ከ24 ቀን በኋላ)፦ ወንዱስ?