የሰርኪዩት ቦርዴ ኔጌቲቭ ጥቁሩ አልጠቁር አለኝ

በቤት ውስጥ ሰርኪዩት ቦርድ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። መዳቡ ላይ የምለጥፈው ደረቅ የፎቶሬዚስት ፊልም ነው። ብርሃን ያገኘው ቦታ ስለሚጠነክር ከላዩ በማስቀምጠው ኔጌቲቭ (የንድፉ ተገላቢጦሽ ሕትመት) ላይ መስመሮቹ ብርሃን አሳላፊ፣ የቀረው ሁሉ ጥቁር ሆኖ መታተም አለበት። ችግሬ ያለው እዚሁ ጥቁር ላይ ነው።

በሌዘር ፕሪንተር ፕላስቲክ ላይ ያተምኩት ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ከሰል ይመስላል፤ ወደ መብራት ሲያነሡት ግን ወንፊት ነው። ቀጫጭን መስመሮችን አሳምሮ የሚያትመው ማሽን ሰፊ ጥቁር ሜዳ ሲሰጡት መሀሉን ያሳሳዋል። በአልትራቫዮሌት መብራት 90 ሰከንድ ሳቆየው ሁሉም ይጠነክርና ያልጠነከረውን ፊልም ለማጠብ የምጠቀምበት 1 በመቶው የሶዲየም ካርቦኔት ውሃ አያጥበውም። ወደ 40 ሰከንድ ሳወርደው ደግሞ መስመሮቹም አብረው ታጥበው ይሄዳሉ።

ሁለት ቅጂ ደራርቤ ሞክሬአለሁ። ጥቁሩ ተሻለ፤ ነገር ግን የፕሪንተሩ ሙቀት ፕላስቲኩን ስለሚያኮማትረው አንዱ ጥግ ሲገጥም ሌላው ይዛነፋል፤ 0.3 ሚሊሜትር የነበረው መስመርም ግማሹ ይበላል። ቶነር (የሌዘር ፕሪንተሩ የዱቄት ቀለም) ያረፈበትን ገጽ ወደ ፊልሙ አድርጌ በመስታወት እጫነዋለሁ፤ ስለዚህ «ገልብጠኸው ይሆናል» አትበሉኝ፣ ያንን ስሕተት በመጀመሪያው ቦርድ ጨርሼዋለሁ።

የአሴቶን ትነት ቶነሩን አለስልሶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል ሲባል ሰምቻለሁ። የሞከረው አለ? ፕላስቲኩንስ አያበላሽም? ወይስ ሌዘሩን ትቼ ለኢንክጄት ቀለም የተዘጋጀ ፕላስቲክ ልፈልግ? የቶነር ቁጠባውን አጥፍቻለሁ፤ ሌላ ያልነካሁት ቅንብር ካለ ግን ፕሪንተር ከመለወጤ በፊት ንገሩኝ።