በሜሪዲያን መስመር ላይ ያለ የቆዳ ደም ፍሰት ምን ያሳያል?

የማራኪ ተማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ! እዚሁ ጎንደር ፊዚዮሎጂ እየተማርኩ ነው፣ የሴሚናር ርዕሴም አኩፓንክቸር፣ ማለትም ቆዳን በቀጭን መርፌ የሚወጋው የቻይና ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና የሕይወት ኃይል ይፈስባቸዋል ብሎ ዋና ሜሪዲያን የሚላቸው የሰውነት መስመሮች 12 ናቸው። አንዱ የልብ ሽፋን መስመር የሚባለው በክንድ ውስጠኛ ገጽ መሃል ለመሃል ወርዶ መሃል ጣት ላይ ያልቃል። ጤነኛ ሰዎች ላይ በሌዘር ዶፕለር (የደም ፍሰትን በሌዘር ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ተለክቶ የቆዳ ደም ፍሰት መስመሩ ላይ ከፍ ካለ፣ ሜሪዲያን በአካል አለ ማለት ይቻላል? ጓደኞቼ አዎ ይላሉ፣ እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

የአዘዞ ልጅ፦ አይቻልም ወንድሜ። የሌዘሩ ብርሃን ቆዳ ውስጥ የሚገባው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሚንቀሳቀሱ ቀይ የደም ሴሎች ሲመለስ የብርሃኑ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) በጥቂቱ ይለወጣል፣ ፍሰቱም የሚሰላው ከዚያ ነው። ቁጥሩ አንጻራዊ ነው፣ በሚሊ ሊትር አይነበብም። ጥቃቅን የደም ሥሮች ቆዳ ላይ እኩል ስላልተሰራጩ፣ መለኪያውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብታንቀሳቅሰው ሌላ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል። ስለዚህ ከመስመሩ ግራና ቀኝም ካልተለካ «ከፍ አለ» የሚባለው ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው? መዳፍን ከክንድ ጋር ማወዳደርም አያዋጣም፤ መዳፍ ላይ ደም ካፒላሪ (በጣም ቀጭኑን የደም ሥር) ሳይነካ ከአርተሪ ወደ ቬይን የሚያልፍባቸው አቋራጮች ብዙ ናቸው።

ነርሷ፦ ልጄ፣ ክፍሉንም አስብበት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ጠዋት ብርዱን ታውቀዋለህ። ከውጭ የገባ ሰው የእጁ የደም ሥር ተኮማትሮ ነው የሚመጣው። ከ22 እስከ 24 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ጋደም ይበል፣ ከዚያ ለካ። ቡናና ሲጋራ ቀድመው ይቅሩ፣ የቡናው ነገር እኛ አገር ከባድ ቢሆንም በጣም አስፈላጊ ነው። መርፌ ከተጨመረበት ደግሞ የትኛውም ቦታ ላይ የተወጋ ቆዳ ዙሪያው ይቀላል፣ ነርቮቹ ናቸው የደም ሥሩን የሚያሰፉት። ስለዚህ ከመስመሩ ውጭ ያለ ቦታም ይወጋና ይወዳደር።

የማራኪ ተማሪ፦ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ታዲያ ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም መስመሩ ላይ ከፍ ቢልስ?

የአዘዞ ልጅ፦ ያኔም የሰውነት አሠራሩን ጠይቅ። በዚሁ መስመር ላይ፣ ከእጅ አንጓ በላይ ያለው ታዋቂው የመርፌ ነጥብ፣ ፒሲ 6፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ነው፣ ከሥሩ የሚያልፈውም ሚዲያን የሚባለው የክንድ ነርቭ ነው። ነርቭና የደም ሥርም ክንድን ተከትለው ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ፍሰቱ ከፍ ያለው በእነሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሌዘር ስፔክል የሚባለው ዘዴ በአንድ ነጥብ ፈንታ ሰፋ ያለውን ቆዳ በምስል ያሳያል። ምስሉን የሚያነበው ሰው መስመሩ የት እንዳለ አይንገሩት። ሳያውቅ መስመሩን ከምስሉ ላይ ካወጣው፣ ያኔ እኔም ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።