ሽፈራው (ሞሪንጋ) የደም ማነስ ክኒን ይተካል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ24 ዓመት እህቴ ደም ማነስ አለብሽ ተብላ የአይረን ክኒን ታዞላታል። ክኒኑ ግን ሆዷን አደረቀባት፣ ሰገራዋም ጠቆረ። ጎረቤታችን «እሱን ተዪውና የሽፈራው ዱቄት በሻይ ጠጪ» አሏት። ይኸው ካቆመች ሁለት ቀኗ ነው። ጨንቆኛል። እውነት ይተካል?

ነርሷ፦ አይተካም ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ትቀጥል። ሰገራዋ የጠቆረው ከአይረኑ ነው። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ቶሎ ትታይ። ድርቀቱን ላዘዘላት ሐኪም ትንገረው፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይርላት ይችላል። ሽፈራው አይረን አለው። ግን ሰውነታችን ከቅጠልና ከእህል የሚወስደው ጥቂቱን ነው፤ ከሥጋና ከጉበት የተሻለ ይወስዳል። በሻይ መጠጣቱ ደግሞ ባሰ! ሻይና ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ከምግብም ከክኒንም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። ሎሚ፣ ብርቱካንና ቃሪያ ግን ያግዛሉ፣ ቫይታሚን ሲ አላቸው። ደሟ ለምን እንዳነሰም ይጣራ። የወር አበባ መብዛት ወይም የሆድ ትል ሊሆን ይችላል።

የአርባ ምንጩ፦ እኛ ጋ ሽፈራው ጎመን ነው፣ ሃለኮ እንለዋለን። ለጋ ቅጠሉን ለቅመን ቀቅለን እንበላዋለን። ኮንሶዎች ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ቀቅለው ኩርኩፋ ይሠሩበታል። ትኩስ ቅጠል ካጣችሁ ዱቄቱን ግዙ፣ አረንጓዴነቱን ግን እዩ። ጥላ ላይ የደረቀው ነው ጥሩ። ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበት። ሥሩንና ቅርፊቱን አትንኩ።

የጓዳዋ፦ ለድርቀቱ ተልባ ትሞክር። ተቆልቶ ይፈጭ፤ ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። ብዙ ውሃ ትጠጣበት። ከክኒኑ ጋር በአንድ ሰዓት ግን አይሁን። እንጀራዋም በደንብ የቦካ ይሁን። ጤፉ ውስጥ አይረኑን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፣ ቡኮው ይቀንሰዋል።

አባል፦ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሽፈራው ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጠያቂ፦ ተባረኩልኝ። ለካ ክኒኑን የምትውጠው ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ነበር! ከነገ ጀምሮ ጠዋት በሎሚ ውሃ ትውጣለች፣ ሰኞ ሐኪሟ ጋ እወስዳታለሁ። ደሟ መቼ ይታይ ታዲያ?

ነርሷ፦ ብዙ ጊዜ ከ4 ሳምንት በኋላ ነው። ቁጥሩ ቢስተካከልም ክኒኑን ወዲያው እንዳታቆም። የሰውነቷ ክምችት እስኪሞላ ከተስተካከለ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ያህል ይቀጥላል።