ቢጫው ውህዴ ከመዳብ ጋር ተጣምሮ ባክቴሪያ ገደለ፤ ገዳዩ ግን የቱ ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ኬሚስትሪ ነው የምማረው፣ የመጨረሻ ዓመት ነኝ። አምና ታናሽ ወንድሜ እግሩ ላይ የፈላ ጀበና ተደፍቶበት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የቀቡት ነጭ ክሬም ብር እንዳለው ነርሷ ነገረችኝ። «ብር? ይሄ የጌጡ?» ብዬ ጠየቅኳት፣ «አዎ እሱው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ የመመረቂያ ሥራዬንም በዚሁ ላይ አደረግኩት።

ሳሊሲልአልዲሃይድን ከአኒሊን ጋር ኢታኖል ውስጥ አጣመርኩና የሚያምር ቢጫ ክሪስታል ወጣልኝ፣ ሺፍ ቤዝ (አልዲሃይድና አሚን ሲጣመሩ የሚገኝ ውህድ) የሚሉት ማለት ነው። መዳብ አሲቴት ስጨምርበት ወዲያው ጠቆረ፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቡናማ ዱቄት ከታች ተቀመጠ። አጥቤ አደረቅኩት። ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ አሟሟሁትና ባክቴሪያ በተዘራበት አጋር (እንደ ጄሊ የረጋ የባክቴሪያ ምግብ) ላይ በወረቀት ዲስክ ሞከርኩት። በማግስቱ ኢንኩቤተሩን ስከፍት በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ! ስታፍ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ የክቡ ስፋት 14 ሚሊ ሜትር፣ ኢ. ኮላይ በሚባለው ላይ 10። ቢጫው ብቻውን ስታፍ ላይ 8 ብቻ ነው።

ጥያቄዬ፦ «ኮምፕሌክሱ (መዳብ የያዘው ቡናማው) ከሊጋንዱ (ከቢጫው) የተሻለ ባክቴሪያ ይገድላል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ? ደግሞ ብር ብቻውን የሚገድል ከሆነ ክሬሙ ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ማጣመሩ ለምን አስፈለገ?

ቤከር (ወልድያ)፦
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ያየሁትን ክብ እኔም እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ግን ቆም በይ። መዳብ አሲቴትን ብቻውን ሞክረሻል? ዲኤምኤስኦን ብቻውንስ? ካልሞከርሽ ገዳዩ ኮምፕሌክሱ ይሁን ተላቆ የወጣ መዳብ አታውቂም። መዳብ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ከቢጫው ጋር ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ ዲስኩ ራሱ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 8 ማለት እኮ ከጠርዙ በአንድ አንድ ሚሊ ሜትር ነው የዘለለው።

ስትሞክሪ በግራም እኩል እንዳታደርጊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሊጋንድ አንድ መዳብ የያዙበት ያንቺ ኮምፕሌክስ ሞላር ክብደቱ 456 አካባቢ ነው፣ መዳቡ ከዚያ ውስጥ 14 በመቶ ገደማ ነው። መዳብ አሲቴት ሞኖሃይድሬት ግን 200 ገደማ ነው፣ 32 በመቶው መዳብ። በእኩል ግራም ከሞከርሽ አሲቴቱ ከሁለት እጥፍ በላይ መዳብ ይዞ ይገባል። በሞል (በሞለኪውል ብዛት) ነው ማስተካከል። ለ4.56 ሚሊ ግራም ኮምፕሌክስ 2 ሚሊ ግራም አሲቴት ውሰጂ።

መጽሐፉ ላይ የምታገኚው ማብራሪያ ትዊዲ የተባለ ተመራማሪ ያቀረበው የኬሌሽን (ሊጋንዱ ሜታሉን ጨብጦ መያዙ) ሐሳብ ነው። ሜታሉ ቻርጁን ከሊጋንዱ ጋር ሲጋራ ዋልታነቱ ይቀንሳል፣ ቅባት ወዳድ ይሆናል፣ የባክቴሪያውን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል ነው የሚለው። ሐሳቡን አልጠላውም። ግን ሳይፈተሽ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ያናድደኛል። ኢ. ኮላይ ላይ ክቡ ያነሰው ግራም ኔጌቲቭ ከሚባለው የባክቴሪያ ዓይነት ስለሆነና ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላለው ሊሆን ይችላል።

ሌላው ደግሞ ቅባት ወዳድ የሆነ ነገር ውሃ በሞላበት አጋር ውስጥ ርቆ አይሄድም። ስለዚህ የክቡ ስፋት ብቻውን ጉልበቱን አይነግርሽም። ብሮዝ (ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ) ውስጥ በግማሽ በግማሽ እያቀጠንሽ ኤምአይሲውን፣ ማለትም እድገቱን የሚያቆመውን ትንሹን መጠን ፈልጊ። ኮምፕሌክሱ ውሃ ሲነካው ሊደፈርስ ስለሚችል በዓይን አትፍረጂ፣ ሬዛዙሪን የሚባለውን ቀለም ጨምሪበት፤ ሕይወት ካለ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይቀየራል። አይአርም (የኢንፍራሬድ ብርሃን ምርመራ) አሠሪ። የቢጫው የካርቦን ናይትሮጅን መስመር 1615 አካባቢ ነው፣ ከመዳቡ ጋር በትክክል ከተሳሰረ ዝቅ ይላል። አብሽሪ፣ ሥራው እጅሽ ላይ ነው።

ሲስተር (ሐይቅ)፦
የክሬሙን እኔ ልመልስልሽ። ሲልቨር ሰልፋዳያዚን ይባላል፣ 1 በመቶ ነው፣ በ1968 ነው የወጣው። ከእሱ በፊት ቃጠሎ ላይ 0.5 በመቶ የብር ናይትሬት ውሃ ይደረግ ነበር። ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ብሩ ቁስሉ ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ቶሎ ይያዝና ያልቃል፣ ስለዚህ ፋሻውን በየጥቂት ሰዓቱ ማርጠብ ነው። የበሽተኛው ሶዲየምም ይወርዳል። የነካውን ሁሉ ደግሞ ያጠቁራል። ተማሪ ሆኜ ጣቴ ላይ አንድ ጠብታ ፈሶብኝ በሳሙናም በሎሚም ብፈትገው እንቢ አለኝ፣ ቆዳው ተልጦ እስኪወድቅ ከሳምንት በላይ ይዤው ዞርኩ።

ሰልፋዳያዚን የሚባለው የሰልፋ መድኃኒት ሲጨመርበት ውህዱ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ብሩን ቀስ እያለ ይለቃል። ዋናው ገዳይ ግን ያው ብሩ ነው፣ ሰልፋው ቤቱ ነው በይው። አሁን፣ ላይ ላዩን ለሆነ ቃጠሎ መዳኑን ሊያዘገይ ስለሚችል እንደ ድሮው ለሁሉም አይታዘዝም፣ አራስ ሕፃን ላይም አይደረግም።

አደራ የምልሽ፣ የራስሽን ዱቄት ሰው ቁስል ላይ እንዳትሞክሪው፣ ወንድምሽም ላይ ቢሆን። ባክቴሪያ የገደለ ነገር አዲስ የሚበቅለውን ቆዳም ሊገድል ይችላል። ይህን የሚያነብ ሁሉ ደግሞ፣ ሰው ሲቃጠል ቅቤና የጥርስ ሳሙና ተዉ። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ያፍስሱበት።

ድርና ማግ (ኮምቦልቻ)፦
እኔ ጨርቅ ላይ ነው የምሠራው። ወደፊት ፋሻ ወይም የሐኪም ቤት አንሶላ ላይ ለማድረግ ካሰብሽ ጥያቄው ሌላ ነው። ስንት እጥበት ይችላል? ዝም ብለሽ ነክረሽ ያደረቅሽው መዳብ በሁለት እጥበት ሊሄድ ይችላል። ጥጡን መጀመሪያ በሲትሪክ አሲድ አክመሽ በሙቀት ብታስይዢው ጨርቁ ላይ የሚቀሩት የካርቦክሲል ጫፎች መዳቡን ወይም ዚንኩን ጨብጠው ይይዛሉ። መዳብ ነጩን ጨርቅ ያቀልመዋል፣ ዚንክ ግን ቀለም የለውም። ዚንክን ከኦርጋኒክ ጋር አጣምሮ መጠቀም እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ፣ የፎረፎር ሻምፑ ጀርባውን ብታነቢ ዚንክ ፓይሪታዮን የሚል ታገኛለሽ።

የታጠበው መዳብ የት ይሄዳል የሚለውንም ጻፊበት። ከዚህ ቱቦ የወጣ ሁሉ መድረሻው ቦርከና ወንዝ ነው። መዳብ በትንሹም ቢሆን ለዓሣና ለአልጌ መርዝ ነው፣ ከታች ደግሞ በዚያ ውሃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሲስተር፣ አደራሽን ተቀብያለሁ።

ቤከር እንዳልከው በሞል አስተካክዬ ደገምኩት። ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ስታፍ ላይ ኮምፕሌክሱ 14፣ መዳብ አሲቴቱ 13። ዲኤምኤስኦ ምንም። ልቤ ዝቅ አለ፣ ምክንያቱም አንድ ሚሊ ሜትር የማስመሪያዬ ስህተትም ሊሆን ይችላል። ግን አጋሩ ውስጥ እኩል አይሄዱም ብለሃልና በዚህ ብቻ እኩል ናቸው ብዬም አልዘጋውም። «ከሊጋንዱ የተሻለ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከረቂቄ አውጥቼዋለሁ፣ የአሲቴቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስገብቻለሁ።

አሁን የቸገረኝ ኤምአይሲው ነው። እኛ ጋ ሬዛዙሪን የለም፣ 96 ጉድጓድ ያለው ፕሌትም አልቋል። ከደሴ እስከ ወልድያ ትርፍ ያለው፣ ወይም አንድ ቀን ላብራቶሪውን የሚያስጠቅመኝ ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ባክቴሪያውንና ብሮዙን እዚሁ አዘጋጃለሁ።